በቤትና በመንገድ ከዋክብትን ከቤተ ሰብ ጋራ ስለ መመልከት

ኮከብ የሚለው ቃል በአገራችን ከሰማይ ይልቅ በችሎት ይበዛል ብል ቀልድ አይምሰላችሁ። ባልና ሚስት ለመፋታት ቀርበው ዳኛ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው፥ ድብደባም ስካርም ብኩንነትም ባልተገኘ ጊዜ፥ «ኮከባችን አልገጠመም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የጸሐፊ ግዴታ ሰው የተናገረውን ቃል እንደ ተናገረው መጻፍ ስለ ሆነ እኔም በመዝገብ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ብዕሬን ባስቀመጥሁ ቍጥር፥ እነዚህ ሰዎች አጣላን የሚሉትን ኮከብ አንድ ሌሊት ቀና ብለው አይተውት ያውቁ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ኮከብ ቈጣሪው የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደሎች ወደ ቍጥር ይመልስና ይደምራል፤ ድምሩንም በ12 ይገድፈዋል። የተረፈው 1 ቢሆን ሐመል፥ 2 ቢሆን ሠውር፥ 3 ቢሆን ገውዝ እያለ እስከ 12ኛው እስከ ሑት ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ወደ ሰማይ ማየት የሚባል ነገር የለበትም። ሌሊቱ ቢጠራም፥ ዝናም ቢዘንብም፥ ቈጣሪው በዋሻ ውስጥ ቢቀመጥም ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህ በቤታችን ያሉ አረጋውያን እናቶች፥ ልጆች በሌሊት ወጥተው ከዋክብትን ሲያዩ «ይህ ጥንቆላ ነው» ብለው ቢቈጡ፥ ኮከብ ቈጣሪ ማለት ኮከብን የማያይ ሰው እንደ ሆነ በትሕትና ማስረዳት ይገባል። ስሞቹ ግን ምንም በደል የለባቸውም። ዐቅራብ ማለት ጊንጥ ነው፤ በሰማይ ላይ ጅራቱ የተቈለመመውን የከዋክብት ጊንጥ አንድ ጊዜ ያየ ልጅ ስሙን ከእንግዲህ ወዲህ አይረሳውም። ዘሐል፥ መሽተሪ፥ መሪኅ፥ ዝሁራ፥ ዐጣርድ የሚባሉትም በሰማይ የሚዞሩ አምስቱ ዐለማት ናቸው እንጂ የጠንቋይ ንብረት አይደሉም።

አባቶቻችን ግን ሰማይን በዐይናቸው ያዩ ነበር። በመጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ የብርሃናትን አካሄድ ያሳየበት ነው፤ መጽሐፉም በሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በእኛ በግዕዝ ቋንቋ ብቻ ነው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የአራማይስጥ ቍራጮቹ በወጡ ጊዜ፥ የውጭ አገር ሊቃውንት የእኛን ግዕዝ እንደ ገና ከፍተው መመርመር ግድ ሆኖባቸዋል። በዚያ መጽሐፍ ፀሓይ በምሥራቅ በ6 መስኮቶች እየወጣች በምዕራብ በ6 መስኮቶች ትገባለች ይላል። በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለን ይህ ነገር ረቂቅ ምስጢር ይመስለን ነበር። የሚሲዮን መምህሬ ግን በየወሩ ጧት ጧት በአንድ ስፍራ እያቆመን ፀሓይ የወጣችበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ባደረግን ጊዜ፥ መስኮቶቹ ከፊታችን ባለው አድማስ ላይ ተገልጠው ታዩን።

ይህን ማንኛውም ቤተ ሰብ ከገዛ ደጁ ሊያደርገው ይችላል። በአዲስ ዓለም የሚኖር ሰው ጧት ወደ ወጨጫ ተራራ ወገን ቢመለከት፥ ፀሓይ በታኅሣሥ ወር ወደ ደቡብ አጥብቃ፥ በሰኔ ወር ወደ ሰሜን አጥብቃ፥ በመስከረምና በመጋቢት ግን በመካከል ስትወጣ ያያታል። ደግሞም ልጆችን እጅግ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ከሚያዝያ 5 ቀን ገደማ እስከ ነሐሴ 23 ቀን ገደማ በእኩለ ቀን ፀሓይ ከራሳችን ወደ ሰሜን ትሆናለች፤ ስለዚህም በቀትር የዛፍ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሎንዶን ወይም ሮማ ያለ ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ቢጠብቅ ይህን አያይም።

አዲስ ዓለምን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ የቈረቈሩት፥ በአዲስ አበባ እንጨት ስላለቀ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን ስላዳናት ሐሳቡ ቀረ፤ ቤተ መንግሥት እንዲሆን የተጀመረውም ቤት ለእመቤታችን ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ አዲስ ዓለም ዋና ከተማ መሆን ቢቀርባት የሌሊት ሰማይዋ አልቀረባትም። ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ የራቀች ስለ ሆነች፥ የዋና ከተማው የኤሌክትሪክ ብርሃን የምሥራቁን አድማስ ጥቂት ያነጣዋል እንጂ ከላይ ያለውን አይነካባትም። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ቀጭን ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲትም ደመና ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ደግሞ የቦታዋ አቀማመጥ ነው። አዲስ ዓለም ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ ቢጨብጡ የጡጫው ስፋት በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የሕፃን ጡጫ ትንሽ ቢሆን ክንዱም አጭር ነውና ልኩ አይፋለስም። እንግዲህ ኮረብታ በማይጋርድበት ስፍራ ቆመው ወደ ሰሜን ቢመለከቱ፥ የማይንቀሳቀሰው የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ አንድ ጡጫ የማትሞላ ከፍታ ላይ ይገኛል። ወደ ደቡብ ቢዞሩ ደግሞ፥ አውሮፓውያን ሊያዩት በመርከብ ብዙ ቀን ይጓዙለት የነበረውን የደቡብ መስቀል በጊዜው ሁለት ጡጫ ያህል ከፍ ብሎ ያዩታል። ሁለቱን በአንድ ሌሊት ለማየት የተመረጠች አገር ናት።

ለዚህም የሚሆነውን ሌሊት ልማዳችን ራሱ አዘጋጅቶልናል፤ እርሱም ከተራ ነው። ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው በድንኳን በሚያድሩበት በጥር 10 ቀን ሌሊት፥ ሌላ ጊዜ በ3 ሰዓት ማታ በሩን የሚዘጋው ቤተ ሰብ ሁሉ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ይዞ በሜዳ ያድራል። ሕፃናትም ሳይቈጧቸው የሚያመሹበት ሌሊት ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ዝማሬውን እየሰማና እሳት እየሞቀ ከራሱ በላይ ያለውን ሳያይ ይነጋበታል።

በዚያ ሌሊት በ3 ሰዓት ማታ ቀና ብለው ቢመለከቱ፥ ከራስዎ ትንሽ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ከዋክብት ይታያሉ፤ በዐይን የሚለዩት 6 ወይም 7 ናቸው። ከእነርሱ ወደ ምሥራቅ በአንድ መሥመር የተሰለፉ ሦስት እኩያ ከዋክብት አሉ፤ አውሮፓውያን የኦሪዮን መታጠቂያ ይሏቸዋል፤ ከ4 ሰዓት ጥቂት አልፎ ከራስ በላይ ይደርሳሉ። የሦስቱን መሥመር ተከትለው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢወርዱ ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ የሚበራውን ሲርየስን ያገኙታል። የጥንት ግብጻውያን ይህ ኮከብ ከፀሓይ ቀድሞ በንጋት ሲታይ የዐባይን ሙላት ይጠባበቁ ነበር፤ ሙላቱ ግን በአብዛኛው ከእኛ ክረምት የሚወርድ ውሃ ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መመልከት ይገባል። የደቡብ መስቀል በ6 ሰዓት ሌሊት ገደማ ይወጣና፥ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ከአድማሱ ጭጋግ ተላቆ በጐኑ እንደ ተጋደመ ይታያል። ከዚያም እየቀና ይሄዳል። በ11 ሰዓት ሌሊት ገደማ፥ ሌሊቱ ገና ሳይነጣ ካህናቱ ለጥምቀቱ ሲዘጋጁ፥ መስቀሉ በደቡብ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በግራው ሁለት ደማቅ ከዋክብት እንደ ሁለት ዲያቆናት ተከትለውት አሉ። በዚያችው ሰዓት ፊትዎን ወደ ሰሜን ቢመልሱ፥ ጭልፋ የሚመስሉት ሰባቱ የሰሜን ከዋክብት ጭልፋቸውን ደፍተው ከፍ ብለው ቆመዋል፤ ከጭልፋው ጫፍ ያሉት ሁለቱም ወደ ታች ወደ ሰሜኑ ኮከብ ያመለክታሉ። ይህ በየዓመቱ በጥምቀት ንጋት ሳይጐድል የሚሆን ነው፤ የሚያጐድለው ደመና ወይም ጨረቃ ብቻ ነው።

ስለ ጨረቃም ከአበቅቴ ተማሪ መጠየቅ ነው። ባሕረ ሐሳብ እንደሚያስተምረን 19 ዓመት አንድ ንዑስ ቀመር ነው፤ በየ19 ዓመቱም ጨረቃ በዚያው ቀን ወደዚያው መልኳ ትመለሳለች። በ2018 ዓ.ም. የከተራ ሌሊት ጨረቃ ፈጽማ የጠፋችበት ሌሊት ነውና በ2037 ዓ.ም. ከተራ እንዲሁ ጨለማ ይሆናል ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. የተጠመቀ ሕፃን በዚያ ጊዜ 19 ዓመት ይሞላዋል።

ስለ ደቡብ መስቀል አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ አባቶችና እናቶች ዛሬ በዚያ ቆመው ቢፈልጉት አያገኙትም፤ ኢየሩሳሌም ወደ 32 ዲግሪ የምትጠጋ ስለ ሆነች መስቀሉ በሙሉው ከአድማስ በላይ አይወጣላትም። ጌታችን በምድር በነበረበት ዘመን ግን በኢየሩሳሌም ደቡብ ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። ይህም የሆነው የምድር ዘንግ እንደሚሽከረከር እንዝርት ቀስ እያለ ስለሚዞር ነው፤ ዙሩንም የሚፈጽመው በ26,000 ዓመት ገደማ ነው። በሁለት ሺሕ ዓመት ውስጥ ከዚያች ከተማ የተሰወረው መስቀል ከአዲስ ዓለም ሜዳ ላይ አሁንም ይታያል። ይህን የሰማች አንዲት ባልቴት «እንግዲያውስ ሳልሳለም አልቀረሁም» ያለችውን ከልብ ወድጄዋለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ መንገድ ነገር እንሂድ። የቀድሞ መንገደኛ በአጥቢያ ኮከብ በቅሎውን ጭኖ ፀሓይ ሳይጠነክር ግማሽ መንገዱን ይፈጽም ነበር። ዛሬ በአውቶሞቢል የሚጓዝ ሰው ከመስተዋት ውስጥ ሆኖ የሚያየው የፊት መብራቱን ነው። ቢሆንም ጉዞ ከቤት ይልቅ ሰማይን ያስተምራል፤ ወደ ሰሜን በተጓዝን ቍጥር የሰሜኑ ኮከብ ከፍ፥ የደቡቡ ዝቅ ይላልና። ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ ወደ አክሱም የሚሄድ ቤተ ሰብ አንድ ጡጫ የማትሞላው ከፍታ አንድ ተኩል ያህል ሆና ያገኛታል። በኢየሩሳሌም ሦስት ጡጫ ሞልታ ታልፋለች። እያንዳንዱ ዲግሪ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልጆች ይህን እያባዙ የመንገዱን ርቀት ራሳቸው ቢያገኙት፥ ምድር ክብ ናት ብሎ ደጋግሞ ከመንገር ይሻላል።

በአጭሩ መንገድ የሚወስን ሰው ደግሞ ከአዲስ ዓለም በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ ይሂድ፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአምቦ ወደ ደቡብ ያለው የወንጪ ሐይቅ ጥንት እሳት የተፋ ተራራ አፉ ውሃ የሞላበት ነው፤ ዙሪያውም ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ በጠራ ሌሊት ሰማዩ እጅግ ጥቁር ነው። ነገር ግን ብርዱ የዋዛ አይደለም። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ይጥላልና ከልጅ ጋራ የሚሄድ ሰው ካፖርትና ወፍራም ካልሲ ሳይዝ አይውጣ። የመንገዱንም ጸጥታ አስቀድሞ ከአገሩ ሰዎች መጠየቅ፥ በመሸም ጊዜ ከመጓዝ ይልቅ ሳይመሽ ደርሶ ባደሩበት ግቢ ሆኖ ማየት የአስተዋይ አባት ሥራ ነው። አውቶሞቢልን በጐዳና ዳር አቁሞ ሰማይ ማየት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

መሣሪያ ለመግዛት መቸኰል አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዐይንን ከጨለማ ጋራ ማላመድ ነው፤ ይህም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በመካከሉ አንድ ሰው ስልኩን ቢከፍት የሁሉም ዐይን እንደ ገና ይጀምራል። መብራት ግድ ከሆነ የእጅ ባትሪውን በቀይ ጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ዐይን የሩቅ መነጥር ቢገኝ፥ በጨረቃ ላይ ያሉትን ተራሮችና ጋሊሌዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያገኛቸውን የመሽተሪን አራት ጨረቃዎች ያሳያል፤ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ በአጥር ወይም በግንብ ላይ ማስደገፍ ነው። በዚህ መነጥር ወደ ፀሓይ የተመለከተ ሰው ግን ዐይኑን ያጣልና ለሕፃን በቀን አይሰጥም። ምንም መሣሪያ የማይሻ ደግሞ በታኅሣሥ 4 ቀን ሌሊት ከገውዝ ወገን የሚወረወሩትን ተወርዋሪ ከዋክብት በጀርባ ተኝቶ መቍጠር ነው።

ልጆች እጅግ የሚወዱት ጨዋታ ይህ ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሮጥም ከከዋክብት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከመስቀሉ በስተ ግራ ካሉት ከሁለቱ ከዋክብት የሩቁ፥ አልፋ ሴንታውሪ የሚባለው፥ ብርሃኑ ለመድረስ ከ4 ዓመት ጥቂት ይበልጣል፤ የሲርየስ ከ8 ዓመት ተኩል ይበልጣል፤ የፕሮስዮን 11 ዓመት ተኩል፥ የፖሉክስ 34፥ የካፔላ 43፥ ከሠውር ዐይን ላይ ያለው የቀዩ የአልደባራን 65 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ለየቤተ ሰቡ በየዕድሜው ኮከብ ይፈለግለታል። ስምንት ዓመት ተኩል የሞላው ልጅ ሲርየስን ሲያይ የሚያየው እርሱ በተወለደ ወራት የተነሣውን ብርሃን ነው። አያቲቱም አልደባራን ተሰጥቷቸው፥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ወደ እርሳቸው ሲመጣ የነበረ ብርሃን እንዳለ ሲነገራቸው፥ «ጥንቆላ ነው» ማለታቸውን ትተው ወንበር ወደ ደጅ እንዲወጣላቸው ያዝዛሉ። የሰው ኮከብ ይህ ከሆነ፥ ከማንም ጋራ አለመግጠም የለበትም።

በደቡብ ያሉት ቦረናዎች ይህን ጥበብ ከእኛ ይልቅ ጠብቀውታል። አያንቱ የሚባሉ ሽማግሌዎቻቸው ያለ መጽሐፍ፥ አዲሲቱን ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋራ እያስተያዩ ወሩን ይለያሉ፤ ከከዋክብቱም ላሚ፥ ቡሳን፥ በከልቻ የሚባሉ አሉ። ቡሳን ቀድሞ የወይን ዘለላ ይመስላሉ ያልናቸው ናቸው፤ በከልቻም አልደባራን ነው። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አቈጣጠር ለዓለም ሊቃውንት አስታውቀዋል። አያንቱ ትምህርቱን የሚያወርሰው በሌሊት ከጐኑ ለተቀመጠ ልጅ ነው፤ የተቀመጠ ልጅ ባይኖር ትምህርቱ ከእርሱ ጋራ ይቀበራል።

በአዲስ አበባ የሚያድጉ ልጆች ከጐናችን ቢቀመጡም የምናሳያቸው እየጠፋ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት፥ በእንጦጦ ራስ ላይ በ3200 ሜትር ገደማ ከፍታ መስተዋታቸው አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የከተማው ብርሃን ግን ወደ ተራራው እየወጣ ያስቸግራቸዋል። ለቴሌስኮፕ ያስቸገረ ብርሃን ለሕፃን ዐይን ምን ያህል እንደሚጋርድ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ልጆችን ወደ አዲስ ዓለም ወይም ዘመድ ወዳለበት ገጠር ይዞ ማደር፥ የፊደል ገበታ ከመግዛት ያላነሰ ወጪና ግዴታ ነው እላለሁ።

ለዚህም መነሻ የሚሆን አንድ የራሳችን ኮከብ አለን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ማኅበር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ እየሰጠ ስም እንዲያወጡለት ባደረገ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ ለደረሳት ኮከብ ቡና፥ በዙሪያው ለሚዞረውም ከመሽተሪ በብዙ ለሚከብድ ዐለም አቦል የሚል ስም አወጣች። ኮከቡ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ በዐይን ብቻ አይታይም፥ በሩቅ መነጥር ግን ይገኛል። ያለበትም ክፍል አንድሮሜዳ ይባላል፤ እርስዋም በጥንት የግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስና የንግሥቲቱ የካሲዮፔያ ልጅ ናት። አባትም እናትም ልጅም፥ ከድራጎን ያዳናት ባልዋ ፐርሴዎስም ሳይቀር፥ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው በሰሜን ሰማይ ይኖራሉ። በታኅሣሥ ወር በ3 ሰዓት ማታ ወደ ሰሜን ቢመለከቱ ንግሥቲቱ ተገልብጦ እንደ ተጻፈ «ሠ» ፊደል ሆና ትታያለች፤ ከእርስዋ በላይና ወደ ምሥራቅ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቡና ይፈለጋል። ከሰል አያይዞ፥ ጀበና ጥዶ በደጅ ለሚጠብቅ ቤተ ሰብ አቦል በሰማይ አለለት፤ ቶናና በረካ ግን በምድር ቀርተዋል።